ሁለት ልደት ያላት ኮከብ

«ስለ ፊልም ኮከቦች ልደት ልጽፍ ነው» ብዬ ብነግረው አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ኑሮው ተወዷል፤ ተመርቆ ሥራ ያጣው ብዙ ነው፤ አንተ ደግሞ የኬክና የሻማ ወሬ ታመጣብናለህ?» አለኝ። ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ሆኖም የልደት ቀን ነገር ከኬክና ከሻማ የሚያልፍ መሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ተምሬአለሁና፣ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቤታችን፣ በቡና ሰዓት ነው። የምንኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ነው። (ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ የሌለውን ስልክ ለመጥራት ሕዝቡ ያወጣው ነው ይባላል፤ ዛሬ የነፋሱ ስልክ በየተማሪው ኪስ ገብቷል።) ታናሽ እኅቴ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንደ እኩዮቿ ሁሉ ከነገሥታቱ ዘመን ይልቅ የተዋንያንን ዕድሜ አጥርታ ታውቃለች። በአንዱ የገና ጠዋት፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ፣ «ዛሬ የተወለዱ ዝነኞች» የሚለውን ዝርዝር ከስልኳ ላይ ስታነብብ ድንገት ጮኸች። «ሩት ነጋ! አዲስ አበባ የተወለደችው! ልደቷ ዛሬ ነው!» እናታችን ስኒ እያጠበች «በልደት የተወለደችማ ዕድለኛ ናት፤ ስሟንም ልደት ማለት ነበር እንጂ» አለች። በዚሁ አለፈ። በሚያዝያ መጨረሻ ግን እኅቴ ሌላ ዝርዝር አገኘች፤ በዚያም ሩት ነጋ ተወልዳለች። እናቴ ቀና ብላ፣ «ይች ልጅ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምትወለደው?» አለች።

ጥያቄው ለሳቅ የተነገረ ቢሆንም መልስ ያሻዋል። የሩት ነጋ ልደት በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ ጃንዋሪ 7 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሌሎች ላይ ሜይ 4 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ እኛ አቈጣጠር ሲመለስ የፊተኛው ታኅሣሥ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ የኋለኛው ሚያዝያ 26 ቀን 1973 ዓ.ም. ይሆናል። የፊተኛው እናቴ እንዳለችው ልክ የበዓለ ልደት ዕለት ነው።

ለማያውቋት ጥቂት ልበል። ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከአየርላንዳዊት ነርስ እናት አዲስ አበባ ተወለደች። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች፤ አባቷ ሳይከተሏቸው፣ እርሷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በመኪና አደጋ ሞቱ። ያደገችው ሊመሪክ በምትባል ከተማ ነው። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የቴአትር ትምህርት ተምራ በ2004 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ፊልሟ ታየች። በማግሥቱ ዓመት ኒል ጆርዳን የተባለው የታወቀ አዘጋጅ «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» በሚለው ፊልሙ ውስጥ ቦታ ሰጣት፤ ለእርሷ እንዲስማማ ብሎም ጽሑፉን አስተካከለ። በ2006 እ.ኤ.አ. በበርሊን የፊልም በዓል ላይ ከአውሮፓ ተስፋ ከሚጣልባቸው ወጣት ተዋንያን አንዷ ተብላ ተመረጠች።

እስከዚህ ድረስ ሲነበብ መንገዱ የተጠረገ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት አለ፤ የዝና ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር የሚያልፉት ይህንን ዐሥር ዓመት ነው። በቴአትር መድረክ ላይ ሠራች፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ትንንሽ ቦታ ያዘች፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የዘፋኟን የሸርሊ ባሲን ሕይወት ተጫውታ በአየርላንድ ተሸለመች። «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» በተባለው በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ዝነኛ ፊልም ላይም ተጫውታ ነበር፤ ዳሩ ግን ፊልሙ ተቈራርጦ ሲያልቅ የእርሷ ክፍል ወጥቶ ተጣለ። ፊልሙ ኦስካር ሲቀበል እርሷ በውስጡ የለችም። ይህንን ሳነብ ከሽልማቶቿ ሁሉ ይልቅ ያከበርኋት በዚህ ነው። እኛ ለአንድ የጎደለ ማርክ ስንት ቀን እናኰርፋለን!

በ2016 እ.ኤ.አ. «ላቪንግ» የሚለው ፊልም መጣ። ታሪኩ የእውነት ነው፤ ሚልድረድ የተባለች ጥቁር ሴትና ሪቻርድ የተባለ ነጭ ግንበኛ ስለ ተጋቡ ብቻ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ተከሰው ከአገራቸው ተሰደዱ፤ ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 እ.ኤ.አ. ረቱ። ሩት ሚልድረድን ሆና ስትጫወት ብዙ አትናገርም፤ የፍርዱን ዜና በስልክ ስትሰማ እንኳ አትጮኽም፤ ሁሉ ነገር በዓይኗ ነው። እኔና እኅቴ ፊልሙን ያየነው በተዋስሁት ኮምፒዩተር ነው፤ እኅቴ በየመካከሉ «አሁን ምን አሰበች?» እያለች ስትጠይቀኝ አመሸች። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ሩት ለኦስካር በዋና ሴት ተዋናይነት ታጨች፤ ሽልማቱን የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት። የአገራችን ጋዜጦች ያን ጊዜ «ትውልደ ኢትዮጵያዊት» የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፉ። ደስታው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ብቻ የእኛ ድርሻ አራቱ የሕፃንነት ዓመታት እንጂ ዐሥራ ሁለቱ የልፋት ዓመታት እንዳልሆኑ አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነበር።

ወደ ልደቷ ልመለስ። ለኦስካር በታጨች ጊዜ ጋዜጠኞች ሁሉ ዕድሜዋን 35 ብለው ጻፉ። እኔም በእርሳስ ብሠራው በሁለቱም ልደቶች ሠላሳ አምስት ወጣ፤ አንዱን የሚያምነውም ሌላውን የሚያምነውም በዚያ ወር ተስማምተው ነበር ማለት ነው። ልደቷ ሁለት ከሆነም የቀረባት ነገር የለም፤ መልካም ምኞት በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳታል።

እንዲያውም በፊልም ዓለም የልደት ቀን መታወቁ የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው። የልደት ዝርዝር ለሻጩ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ወሬ ይሰጣል፣ ማንንም አያስቀይምም፣ የዓመት ሥራው አንዴ ተሠርቶ ያድራል። ለተዋናይቱ ግን በዚያው ወረቀት ላይ ዕድሜዋ አለ፤ አርባ የሞላት ሴት ደግሞ በሆሊውድ የእናትነት ቦታ እንጂ የሙሽራነት ቦታ አይሰጣትም። በ2011 እ.ኤ.አ. አንዲት ተዋናይ አይ ኤም ዲ ቢ የሚባለውን ትልቁን የፊልም መዝገብ «እውነተኛ ዕድሜዬን አውጥተህ እንጀራዬን ዘጋህብኝ» ስትል ከሰሰች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ተረታች። ከዚያ የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2016 እ.ኤ.አ. ተዋንያን ሲጠይቁ ዕድሜያቸው ከእንዲህ ያለው መዝገብ እንዲነሣ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ መዝገቡ ተከራክሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሕጉ የንግግርን ነጻነት ይነካል ብሎ ሻረው። እነዚያ ተዋናዮች የተወለዱበት ቀን በጣም ታውቆባቸው ነው የተቸገሩት። የእኛ ችግር ሌላ ነው።

በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፤ በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነው። ለአራሷ ገንፎ ይገነፋል። ክርስቲያኑ ወንዱን በአርባ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሣል። ቀኑም አይረሳም፤ የሚካኤል ዕለት፣ የአቦ ዕለት፣ ዝናቡ የበዛ ጊዜ፣ ዘመቻው የታወጀ ሰሞን እየተባለ በእናት ልብ ይቀመጣል። የሚጐድለው ወረቀቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ (ቍጥር 760) በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በአገሩ ሁሉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ወረቀት ተገኘ ቢባል እንኳ የቀን መቍጠሪያው ወጥመድ አለ። የዚህ ወጥመድ ትልቁ ምሳሌ የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐረርጌ ውስጥ እጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑም እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ የአገር በዓል ነበር። የአውሮፓ መጻሕፍት ይህንን ጁላይ 23 ቀን 1892 እ.ኤ.አ. ይሉታል። ዛሬ ሐምሌ 16 ጁላይ 23 መሆኑ እርግጥ ነው። በ1892 ግን አልነበረም! እኛ በየአራት ዓመቱ ሳንዘል ጳጉሜንን ስድስት እናደርጋለን፤ አውሮፓውያን ግን ለአራት መቶ የማይካፈለውን መቶኛ ዓመት ይዘሉታል፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪን 28 አድርገው ስላለፉት በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ጨመረ። ከዚያ በፊት ሐምሌ 16 የሚውለው ጁላይ 22 ቀን ነበር። ስለዚህ በሻሸመኔ የሚኖሩት ራስታዎች ሐምሌ 16ን ሲያከብሩ በእኛ ቍጥር ልክ ናቸው፤ በጃማይካ ያሉት ጁላይ 23ን ሲያከብሩ ግን በአውሮፓ ቍጥር አንድ ቀን ዘግይተዋል። የንጉሠ ነገሥት ልደት እንዲህ ከሆነ የእኔና የአንተ እንዴት ይሁን?

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ የተወለድሁት ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ «የሚካኤል ታቦት ሲገባ ነው የወለድሁህ» ትለኛለች፤ ይህን የሚያህል ምስክር ከየት ይገኛል? በልጅነቴ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ፎርም ሲሞላልኝ ቀኑን «በአውሮፓ አድርገው» ተብሎ ነበር። ሰውየው ጥር አምስተኛ ወር መሆኑን በጣቱ ቈጠረ፤ 12/05 ብሎ ጻፈ፤ በዓመቱ ላይ ሰባት ጨመረና 2003 አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት እንደሚጨመር፣ ወሩም ከነቀኑ እንደሚለወጥ አላሰበም። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ነበር። በሰውየው እጅ ግን ሜይ 12 ቀን 2003 ተወለድሁ፤ ይኸውም እናቴ እኔን ማርገዟን ገና ሳታውቅ ማለት ነው። ያ ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል ሲከተለኝ ኖረ። አምና ለአጭር ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚልክ ዕድል አግኝቼ፣ ከወረዳ ያወጣሁት የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤቱ ማስረጃ በስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን ተለያዩና «የትኛው ነህ?» ተባልሁ። እኔ ሁለቱንም እንዳልሆንሁ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ የተወለድሁት እንደሆንሁ ማን ይሰማኛል? ማስረጃው ሳይታረም ቀኑ አለፈ። ሩት ነጋን በሁለት ልደቷ ማንም «የትኛዋ ነሽ?» አላላትም።

የእኔስ ቀላል ነው፤ አንድ ክረምት ነው ያለፈኝ። ዕድሜ ከዚህ የከበደ ነገር የሚወስንበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም ያስተማረን ደግሞ ሌላ ፊልምና ሌላ ወጣት ተዋናይ ናት።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በማግሥቱ ወር በበርሊን በፓኖራማ ክፍል ደገመው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ወክሎ ለኦስካር ውድድር ቀረበ። ከዋና ተዋንያኑ አንዷ ሜሮን ጌትነት ናት፤ እርሷ አስቀድማ የታወቀች ናት። ሂሩት የተባለችውን ልጅ ሆና የተጫወተችው ግን ትዝታ ሀገሬ ናት፤ ከዚያ በፊት በፊልም ያልታየች ወጣት፣ በአንድ ክረምት የዓለም ጋዜጦች ስሟን ጻፉት። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች። ትዝታ በችሎት ፊት ስትቆም ዕድሜዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። (ልብ ያለው ያስተውል፤ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። በሁለቱም ፊልሞች ሂሩት የምትባል ልጅ ስለ ትውልዷ ወይም ስለ ዕድሜዋ ትጠየቃለች።)

የታሪኩ ምንጭ አበራሽ በቀለ ናት። በ1996 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ ስትጠለፍ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሞያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም፣ በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ ጉዳዩን ይዘው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት።

ዐሥራ አራት የሚለውን ቍጥር በሕጉ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለውን ልጅ በልዩ ሥርዓት ይዳኛል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም ከዐዋቂው ጋር ያቆመዋል። እንዲያውም ይኸው ሕግ ጠለፋን በወንጀልነት ቢቀጣም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቅር ይል ነበር። እንግዲህ አንዲት የገጠር ልጅ ዐሥራ አራት መሆኗና ዐሥራ ስድስት መሆኗ በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያደርጋታል፤ ማስረጃው ደግሞ የእናት ቃል ነው። ዛሬ የጋብቻ ዕድሜ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ዐሥራ ስምንት ሆኗል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያንን የጋብቻ ማምለጫ አስቀርቶ ለጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት እስራት ደንግጓል። ሕጉ ተሻሻለ። ግን «ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሎ የሚመሰክር አባትና «አልሞላትም» የሚል መምህር ሲከራከሩ፣ ወረቀት ከሌለ ዳኛው የሚያየው የልጅቱን ቁመት ነው።

ድፍረት በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ የፍርድ ቤት ዕግድ መጣና ሳይታይ ቀረ፤ ዕግዱ የተነሣው በኋላ ነው። አበራሽ ታሪኳ ያለ ፈቃዷ ተወስዷል ብላ አቤት ብላ ነበር። በዚህ ክርክር ማን ልክ እንደ ነበር ለመፍረድ አልነሣሁም። ብቻ አንዲት ልጅ በዐሥራ አራት ዓመቷ የደረሰባት ለሌላዪቱ ወጣት የዝና መግቢያ በር መሆኑን ሳስብ፣ የእኅቴ ዝርዝር እንደ ቀድሞው አላስቀኝ አለ።

ያም ሆኖ ዝርዝሩ በቤታችን አልቆመም። በቅርቡ እኅቴ ለፋይዳ መታወቂያ ልትመዘገብ ስትነሣ፣ እኔ እርሳስና ወረቀት ይዤ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። «ሰኔ ማርያም ናት፤ 2001 ዓመተ ምሕረት» አለች እናቴ ሳታመነታ። ሰኔ 21 ቀን። ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ ጁን 28 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። በትልቁ ጽፌ ሰጠኋትና «ማንም ሰው በጣቱ እንዲቈጥርልሽ አትፍቀጂ» አልኋት። እርሷ ወዲያው ስልኳን ከፍታ በጁን 28 የተወለዱትን ዝነኞች ፈለገች። መጀመሪያ ያገኘችው በ1926 እ.ኤ.አ. የተወለደውን ቀልደኛውን የፊልም አዘጋጅ ሜል ብሩክስን ነው።

«ከሽማግሌ ጋር ነው እንዴ የተወለድሁት!» ብላ ተቈጣች።

«ከማርያም ጋር ነው የተወለድሽው» አለች እናቴ፣ በረካውን እየቀዳች።